አንቀጽ 39 እና ጸሎተ ሃይማኖት

ትግራይ ነጻ አገር ትሁን ወይስ ከኢትዮጵያ ጋር ትቀጥል የሚለው ክርክር የፖለቲከኞች ብቻ የሚመስለው ሰው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቦሌ መድኃኔዓለም ቅጥር ግቢ ትንሽ ይቆይ። ነጠላ ያጣፉ፣ ጾም የማይሽሩ፣ የንስሐ አባት ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚከራከሩት። መጽሐፍ የማይጠቅስ የለም።

የአንድነቱ ወገን የሚለው የታወቀ ነው። ታቦተ ጽዮን ያለችው አክሱም ነው፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሰበኩት እዚያ ነው፤ አቡነ አረጋዊ የገደሙት ደብረ ዳሞን ነው፤ ስለዚህ ትግራይ ትለይ ማለት ራሱ ኃጢአት ነው። የነጻነቱ ወገን ደግሞ ያንኑ ታሪክ ይዞ ሌላ ቦታ ይደርሳል፦ የእምነታችሁ ሥር እኛ ጋ ከሆነ፣ ሥሩ ሲቆረጥ የት ነበራችሁ?

እኔ ትግራይ እንድትሄድ አልፈልግም። ብትሄድ የሚያመኝ እንደ አገር ብቻ አይደለም፤ እንደ ምእመንም ነው። ሆኖም የመንግሥት ወሰን ዶግማ እንዳልሆነ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በጸሎተ ሃይማኖት የምንመሰክረው ለአንዲት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስለ ድንበር የተጻፈ ቃል የለበትም። መገንጠል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 የተጻፈ የፖለቲካ ጥያቄ ነው፦ የክልሉ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከወሰነ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፤ አብላጫው ከደገፈው ሥልጣኑ ለክልሉ ይተላለፋል፤ ንብረትም ይከፋፈላል። ይበጃል አይበጅም ብሎ መሟገት ይቻላል። ተሟጋቹን ከሃዲ ማለት ግን ሃይማኖትን የመንግሥት ሎሌ ማድረግ ነው።

ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ታሪክ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ነው። ሕዝቡ ቀንበሩ ከበደብን ብሎ መጣ፤ ንጉሡ ሮብዓም የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን ሰማ፤ ዐሥሩ ነገድ ሄደ። ንጉሡ ጦር ሰበሰበ። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ብዙ ሰው የሚዘልለው፦ እግዚአብሔር በነቢዩ በሰማያ በኩል ወንድሞቻችሁን አትውጉ ብሎ ከለከለ፤ ሠራዊቱም ተመለሰ። በተለዩት ነገዶች ላይ የነገሠው ኢዮርብዓም የሚወቀሰው መንግሥት በመያዙ አይደለም፤ ያንንማ ነቢዩ አኪያ አስቀድሞ ነግሮታል። የሚወቀሰው ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ከወጣ ልቡ ይመለሳል ብሎ ፈርቶ በቤቴልና በዳን የወርቅ ጥጃና ሌላ መሠዊያ በማቆሙ ነው። ከሲኖዶሱ የተለዩት የትግራይ አባቶች የሚያመልኩት እኛ የምናመልከውን አምላክ ስለሆነ ከጥጃው ጋር አላነጻጽራቸውም። ግን መሠዊያው የወሰን አጥር ሲሆን ጉዳቱ ለትውልድ እንደሚተርፍ ያ ምዕራፍ ያስተምራል።

ቤተ ክርስቲያንን የለያየው ጥፋት ግን የተጀመረው ከመቐለ አይደለም። በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ በኅዳር 2013፣ በጽዮን ክብረ በዓል ዋዜማ፣ አክሱም ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተጨፈጨፉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2013 ባወጣው ሪፖርት በኤርትራ ወታደሮች የተገደሉት ከመቶ እንደሚበልጡ ገለጸ። ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ በቪዲዮ ስለ ትግራይ ሕዝብ ሲጮኹ፣ የተሰጠው ምላሽ የሲኖዶሱ አቋም አይደለም የሚል ነበር። በጥር 2015 ወሊሶ ላይ ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ፣ ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሰን ቆመናል። ይገባ ነበር። ለአክሱም ሙታን ግን ጥቁር ልበሱ ያለን አልነበረም።

ገርጂ በአንድ የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበር ላይ ይኸው ነገር ተነሣ። ዳቦው ተቆርሶ ጽዋው እየዞረ ነው። አንድ ጡረተኛ አዛውንት፣ «አክሱም የሌለችበት ኢትዮጵያ ምኗን ኢትዮጵያ ሆነች?» አሉ። የዓድዋ ተወላጅ የሆነች የማኅበሩ አባል ድምፅዋን ሳታነሣ መለሰች፦ «ጋሼ፣ በጦርነቱ ጊዜ የወንድሜን መርዶ ሰምቼ እዚሁ ስቀመጥ እግዜር ያጥናሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። አሁን ስለ አክሱም ሲነገረኝ የምታስፈልጋችሁ ድንጋይዋ ናት ወይስ ሰውዋ እላለሁ።» አዛውንቱ ተነሥተው ጉልበቷ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዘቻቸው። ስለ ነጻነት ያላትን ሐሳብ አልቀየረችም፤ በሚቀጥለው ወር በ27 ግን ተረኛዋ እሷው ሆነች።

ሲኖዶሱ ዘግይቶም ቢሆን ይቅርታ ጠይቋል፤ በሐምሌ 2015 ፓትርያርኩ ራሳቸው ልዑክ መርተው መቐለ ሄደዋል። የክልሉ አባቶች አልተቀበሏቸውም። በዚያው ወር አክሱም ላይ ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ፤ ሲኖዶሱም ሹመቱን ሕገ ወጥ አለው። ቁስሉ ቢገባኝም፣ ይቅርታ ሊጠይቁ የመጡ አረጋዊ አባትን ሳይቀበሉ መመለስ የሚደገፍ ነገር አይደለም።

ለነጻነት የሚከራከሩ ምእመናን ኤርትራን ደጋግመው ይጠቅሳሉ። ይጥቀሱ፤ ግን ሙሉውን። በሚያዝያ 1985 በሕዝበ ውሳኔ 99.8 በመቶ ድምፅ አገር ሆነች። ቤተ ክርስቲያኒቱም ራሷን የቻለችው በስምምነትና በእስክንድርያ በኩል ነበር፤ ቅዳሴው፣ ግእዙ፣ ጾሙ አንድ ሆኖ ቀረ። አገር ተለይቶ ምሥጢር ሳይለያይ መኖር እንደሚቻል ይህ ያሳያል። ሌላውም መነገር አለበት፦ የራሷ መንግሥት ያላት ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስተኛው ፓትርያርኳ አቡነ አንጦንዮስ ከመንበራቸው ተነሥተው በቁም እስር ቆይተው በ2014 አረፉ። የራስ መንግሥት ለመንበሩ ነጻነት ዋስትና አልሆነም።

ቅዱስ ሲኖዶስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና ከትንሣኤ በኋላ በርክበ ካህናት፣ ምልዓተ ጉባኤ ያደርጋል። በቀጣዩ ጉባኤ ሦስት ነገር እንዲወሰን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ኅዳር 19 እና 20 በየአጥቢያው ለአክሱም ሙታን ጸሎተ ፍትሐት ይደረግ። ሁለተኛ፣ ለትግራይ አባቶች የሚላከው ደብዳቤ ስለ መገንጠል አንድ ቃል አይጻፍበት፤ ስለ ቀኖናና ስለ ሹመት ብቻ ይነጋገሩ። ሦስተኛ፣ የትኛውም ካህን በዐውደ ምሕረት ላይ፣ ለአንድነትም ይሁን ለነጻነት፣ ምረጡ ብሎ እንዳይሰብክ ይታገድ። የመቐለ አባቶችም ይህንኑ ለካህናቶቻቸው ይዘዙ።