በሬ ሸጦ ተስፋ መግዛት!

ለመሆኑ “ስቴም ሴል” ሽባን ይተረትራል ያለው ማነው? ጎንደር ውስጥ በስትሮክ ግማሽ ጎኑ የዛለ ሰው ቤተሰብ “ውጭ አገር ይወጉልናል” እያለ ቤትና በሬ ለመሸጥ ሲሰናዳ እሰማለሁ።

እውነቱ ይኸውላችሁ። የስታንፎርድ ሐኪሞች የ18 ሕመምተኞችን ራስ ቅል ሸንቁረው ሴል ሲያስገቡ የአንዳንዶቹ እጅ እግር ተላወሰ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም ጉድ አለ። ያው ሴል በብዙ ሰው ላይ ሲፈተን ግን በ2019 ወደቀ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ዛሬም ለስትሮክ የፈቀደው ስቴም ሴል የለም። ሙከራን በዶላር የሚቸበችብ ነጋዴ እንጂ ሐኪም አይደለም!

የተመሰከረለትስ? የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ነው፤ እሱም በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ካልተወጋ አይረባም። ከበየዳ በቃሬዛ ወርዶ፣ ከደባርቅ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጎንደር የሚደርስ ገበሬ በምን ተአምር ይደርስበታል? ያውም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጦርነት ባመሰው መንገድ!

እንግዲህ የሚያዋጣው መቅደም ነው። የስትሮክ ዋና አባት ደም ግፊት ነው፤ የግፊት መለኪያና ክኒን ደግሞ የበሬ ዋጋ አያወጡም። ባለሥልጣኖቻችን ሆይ፣ ለየጤና ኬላው ይህችን እንኳ ሳታጓድሉ አድርሱ! አለበለዚያ ገበሬው በሬውንም ጎኑንም ያጣል።