መለኪያው የማይቆጥረው ጣፋጭ

እንደሚታወቀው በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ማር እንደ መድኃኒት ይታያል። ስለዚህም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስኳሩን ትቶ ሻዩን በማር ሲያጣፍጥ ከአደጋው የራቀ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ «የፍራፍሬ ስኳር» የሚባለው ፍሩክቶስ ለስኳር ሕመምተኛ ተስማሚ ነው ሲል ይሰማል። ሁለቱም አስተያየቶች ሊመረመሩ ይገባል።

የምንጠቀምበት ስኳር፣ ማለትም ሱክሮስ፣ ከአንድ ግሉኮስና ከአንድ ፍሩክቶስ ጥምረት የተሠራ ነው። ንብ ከአበባ የቀሰመችውን ይህን ጥምር በኢንዛይሟ ትለያየዋለች፤ በመሆኑም በ100 ግራም ማር ውስጥ 38 ግራም ገደማ ፍሩክቶስና 31 ግራም ገደማ ግሉኮስ ይገኛል። ፊዚክስ ሁለቱን በብርሃን ይለያቸዋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን ግሉኮስ በሟሟበት ውኃ ሲያልፍ አቅጣጫው ወደ ቀኝ፣ ፍሩክቶስ በሟሟበት ሲያልፍ ደግሞ ወደ ግራ ይዞራል።

በሰውነት ውስጥም መንገዳቸው የተለያየ ነው። ግሉኮስ ወደ ደም ገብቶ በመላ ሰውነት ሲሰራጭ፣ ፍሩክቶስ በአብዛኛው በአንጀትና በጉበት ይቀራል። የደም ስኳርን ከፍ በማድረግ ረገድ ግሉኮስ 100 ቢሰጠው፣ ሱክሮስ 65፣ ፍሩክቶስ ደግሞ 20 ገደማ ያገኛል። በፍሩክቶስ ላይ የተጣለው ተስፋ ከዚህ ቁጥር የመነጨ ነው።

በእኔ እምነት ግን ቁጥሩ ያሳስታል። ማንኛውም መሣሪያ የሚነግረን እንዲለካ የተሠራለትን ብቻ ነው፤ ቴርሞሜትር ክብደትን አይነግረንም። ሕመምተኛው ጣቱን ወግቶ የሚጠቀምበት መለኪያም ግሉኮስን እንጂ ፍሩክቶስን አይቆጥርም። ጉበት የበዛበትን ፍሩክቶስ ወደ ስብ ይለውጠዋል፤ ይህ ስብ በደም ውስጥ ሲበዛ፣ የስኳር ሕመምተኛ ቀድሞውንም ለሚያሰጋው የልብና የደም ሥር ሕመም ይበልጥ ያጋልጠዋል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በ2002 እ.ኤ.አ. ፍሩክቶስን በማጣፈጫነት መጠቀምን ያልደገፈው በዚሁ ምክንያት ነበር። በፍራፍሬ ውስጥ በተፈጥሮ ያለውን ግን አልከለከለም፤ ከነአሰሩ በልክ የተበላ ማንጎና ስኳር የተጨመረበት የማንጎ ጭማቂ እኩል አይደሉም። ማር ደግሞ ሲሶው ያህል ግሉኮስ በመሆኑ ከመለኪያውም አያመልጥም።

ስለዚህ ጣፋጩን ከመለወጥ ይልቅ መጠኑን መቀነስ ይበጃል። አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ወርዶ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ፣ ፈጥኖ የሚደርስለት በውኃ የተበጠበጠ ተራ ስኳር እንጂ ፍሩክቶስ አይደለም። ይህን ለወላጆቹና ለጎረቤቶቹ ማስረዳት የሳይንስ ተማሪ ሁሉ ድርሻ ነው።