እዚያ ገና አልመሸም

ባለፈው ማክሰኞ እናቴ አለቀሰች። ያስለቀሳት የምሥራች ነው። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁምና ትንሽ ታገሡኝ።

እማዬ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መንዝ ተወልዳ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ አዲስ አበባ ገብታ፣ ጉለሌ ላይ አምስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ጉልበቷን እኛ ላይ ጨርሳለች። ይህን ስል እንደ ወጉ እናትን ማወደሴ አይደለም፤ የእግሯን ጉልበት ማለቴ ነው። ልም አጥንቱ አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋጭ ነበር። ዓምና ቀኙ ብሶባት ቤተ ክርስቲያን መሳለም እንኳ አቃታት።

ታናሽ ወንድሜ መርካቶ ልብስ ያከፋፍላል። ዕቃውን የሚያመጣው ኢስታንቡል ውስጥ ላሌሊ ከሚባል ሰፈር ነው። (መርካቶን የሚያውቅ ላሌሊን በስም ያውቃታል።) «እዚያ እናሳክማት፣ ሰው አለኝ» አለ። ገንዘቡ ከአምስታችንም ተዋጣ። አስታማሚዋ ግን እኔ እንድሆን ማንም ሳይከራከር ተወሰነ። ሥራ እኔም ነበረኝ፤ ነገር ግን ያላገባች ሴት ልጅ በቤተሰብ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ ላይ እንዳለች ነው የምትቆጠረው። ያላገባችሁ አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ።

ከግንቦት 2016 አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ፣ ሰባት ሳምንት ኢስታንቡል ከረምን።

የቀዶ ሕክምናውን አላወራችሁም፤ ደህና አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ወሬው። በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ ነበራት። ሐኪም ቤቱ በአውሮፓ በኩል ነው፤ ርካሽ ቤት ያገኘነው ደግሞ በእስያ በኩል፣ ካዲኮይ። ያቺ ከአሥራ አምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ከተማ ቦስፎረስ በሚባል የባሕር ወሽመጥ ለሁለት ተከፍላ፣ ግማሿ በአንድ አህጉር ግማሿ በሌላው ነው ያለችው። እናም እናቴ፣ ባሕር አይታ የማታውቀው፣ ለጉልበቷ ስትል በሳምንት ሦስት ጊዜ ከእስያ ወደ አውሮፓ ትሻገራለች።

ድልድይ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ደግሞ ከባሕሩ ሥር የሚያልፍ ባቡር አለ፤ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው በአራት ደቂቃ ያደርሳል። የአገሩ ሰው ግን አሁንም መርከቡን አልተወም። እማዬም አንድ ጊዜ በምድር ሥር ወስጃት «ሁለተኛ እንዳታደርጊው» አለችኝ። መርከቡን «ቫፑር» ይሉታል። እሷ በመጀመሪያው ቀን ሰምታ «ባቡር ነው የሚሉት?» ስትል ሳቅሁባት። ኋላ ሳጣራው ትክክለኛዋ እሷ ሆነች፤ የእኛ ባቡርም የእነሱ ቫፑርም ያው «እንፋሎት» ከሚለው የፈረንጅ ቃል የመጡ ናቸው። ቃላቸው ብዙ ቦታ ከእኛ ጋር ይገጥማል። ፍንጃል፣ ሳንዱቅ፣ ሻይ፣ ሰዓት። ከአስተናጋጁ ጋር በእነዚህ አራት ቃላት ግማሽ ሰዓት ስትጫወት አይቻታለሁ።

ጉዞው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። መርከቡ ከካዲኮይ ሲነሣ ጀርመኖች ከመቶ ዓመት በፊት የሠሩትን የሃይዳርፓሻን ባቡር ጣቢያ በስተቀኝ ይተዋል፤ ውኃው ዳር ቆሞ የሚጠብቅ የሚመስል ትልቅ ሕንፃ ነው። ከዚያ ነጫጭ የባሕር ወፎች ይከተላሉ። ተሳፋሪው ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ክብ ዳቦ፣ ሲሚት የሚሉትን፣ እየቆረሰ ይወረውርላቸዋል፤ ወፎቹ በአየር ላይ ይቀልቡታል። እማዬ መጀመሪያ ቀን «እህል ይጣላል እንዴ!» ብላ ተቆጣች። በሁለተኛው ሳምንት ግን ለራሷ አንድ፣ ለወፎቹ አንድ ታስገዛኝ ጀመር። ሻይ ሻጩ ወገቧ ቀጠን ባለች ጆሮ በሌላት ብርጭቆ፣ ሁለት እንክብል ስኳር አስቀምጦ ያመጣላታል። «ቴይዜ» ይላታል። አክስት፣ የእናት እህት ማለት ነው። ሁሉም እንዲያ ነው የሚሏት። ክራንቿን ያየ ሁሉ «ገችሚሽ ኦልሱን» ይላታል፤ ያለፈ ይሁንልሽ እንደ ማለት ነው። እሷም በአማርኛ «አሜን፣ እናንተንም ይማራችሁ» ትላለች። ማንም ያልገባው አልነበረም።

አንድ ማታ በስልኬ ሳነብ ካዲኮይ የጥንቷ ኬልቄዶን መሆኗን አወቅሁና ሳላስብ ተናገርሁ። ጉድ ፈላ! የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ የሆነ ሁሉ ስሙን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ451 ጉባኤው የተካሄደባት፣ ዲዮስቆሮስ ጥርሱ የረገፈባት፣ ጽሕሙ የተነጨባት እየተባለ የሚተረክባት ቦታ ናት። እማዬ አማተበችና «እስከ ዛሬ እዚህ ነው ሻይ ስጠጣ የነበረው?» አለች። ሁለት ቀን ሻይ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ መስኮት ላይ ቆማ ባሕሩን ስታይ ቆየችና «ውኃው እንኳ አልተሰበሰበም ጉባኤ» ብላ ነጠላዋን አነሳች።

እኔም ለካሣ ፌነር ወደሚባለው ሰፈር ይዣት ሄድሁ። እዚያ የግሪኮች ፓትርያርክ መንበር የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ውስጡ የዮሐንስ አፈወርቅ ዐፅም ያረፈበት ሣጥን ይገኛል። አፈወርቅን ገና በልጅነቷ ከስንክሳር ታውቀዋለች፤ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ሳለ ንግሥቲቱን ገሥጾ ተሰዶ የሞተ አባት ነው። ዐፅሙ እ.ኤ.አ. በ438 ከስደት ቦታው ወደ ከተማው ተመለሰ። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመስቀል ጦረኞች ከዘረፉት በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሮም እንደገና መጣ። ይህን ስነግራት «ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ?» አለች። እንዲህ ያለውን ነገር እንደማትረሳው ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

አንድ ቀን ደግሞ ከፊዚዮቴራፒ ስንመለስ፣ መርከቡ ላይ፣ ምንም ሳልጠይቃት «በ1992 ኢየሩሳሌም ልሳለም ዕቁብ ጥዬ ነበር» አለችኝ። «ታዲያ?» አልኳት። «ያንቺ ኮሌጅ መጣ።» ሌላ አልጨመረችም። ለቀሩት ወፎች ሲሚቱን መወርወር ቀጠለች። እኔ አርባ ሁለት ዓመት እስኪሆነኝ ይህን አላውቅም ነበር።

ተመለስን። በሦስተኛው ሳምንት መንግሥት ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ ዓመት ሳይሞላ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ። «እንኳን ያኔ ታከመች» አልን።

እማዬ ግን አልተመለሰችም።

ትሄዳለች፣ ትስቃለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ዘመድ ትጠይቃለች። ብቻ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በክረምትና በበጋ ሰዓት መቀያየር ስለተወች የኢስታንቡልና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው። ይህን እዚያ ሳለን ነበር ያስተዋለችው፤ የእጅ ሰዓቷን መንካት አላስፈለጋትም። አሁን በዚህ ምክንያት በየደቂቃው እዚያ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ወጥ እያማሰለች ቀና ትልና «አሁን የካራኮይዋ ልትነሣ ነው» ትላለች። ሠርግ ቤት ተቀምጣ «ይኼኔ ዓሣ ሻጮቹ ውኃ እየረጩ ነው» ትላለች። ቡናችንን ጠጥታ ስታበቃ ጎረቤት «ቶና» ሲጠብቅ «ሻይ የለም?» ብላ የጠየቀች ቀን፣ የሰፈሩ ሴቶች ተያዩ። አንዷ «አንድ ነገር አስነክተዋት ይሆናል፣ ጠበል ውሰዷት» ብላ መከረችን።

ከሁሉም የተጎዳችው ታላቅ እህቴ ናት። ከእማዬ ጋር የምትኖረው እሷ፣ የምታበስልላት እሷ፣ እግሯን በቅባት የምታሸው እሷ። «ሰባት ሳምንት የቆየችበት ሰው አገር ይሄን ያህል ከናፈቃት እኛ ምኗ ነን? ምን ጎደለባት?» አለችኝ። መልስ ነበረኝ፤ አልሰጠኋትም። ብሰጣት ክስ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

መልሱን ያገኘሁት አንድ ቅዳሜ ነው። ሁላችንም እማዬ ቤት ነበርን፣ ልጆቹም ጭምር። ነገሩ ገርሞኝ ጥግ ይዤ ቆጠርሁ። እስከ ምሳ ድረስ እማዬ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጠራች። «እማዬ፣ ጨው የት ነው?» «እማዬ፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ?» «አያቴ፣ መታኝ!» ከአሥራ ዘጠኙ አራቱ የእኔ ነበሩ። ኢስታንቡል ላይ በሰባት ሳምንት ውስጥ ማንም ምንም የት እንዳስቀመጠች አልጠየቃትም። የምታስቀምጠው ነገር አልነበራትም።

ነገር ግን ዕረፍት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቢሾፍቱ በበቃት ነበር። ወስደናት ነበር እኮ! ሁለት ቀን ሐይቁ ዳር አስቀመጥናት። እንግዳ አክባሪ እንደሆነ ሰው «ደስ ይላል፣ ተባረኩ» አለች። ማታ ለብቻችን ስንሆን ምን እንደጎደለው ጠየቅኋት። «ማዶ የሚሄድ የለውም» አለችኝ።

ያቺ ከተማ አንድ ነገር አላት፤ እኔም ናፍቆቱ ስላለብኝ አውቀዋለሁ። እዚያ ሰው ሥራ ፈትቶ ውኃ ሲመለከት የሚያፍር የለም። በገላታ ድልድይ ላይ መንጠቆ ጥለው የቆሙት ወንዶች ብዙዎቹ ዓሣው የቸገራቸው አይመስሉም። ድመቷ ሱቅ ደጃፍ ወንበር ላይ ተኝታ፣ ባለሱቁ ቆሞ ይሸጣል። የከተማዋ ልጅ የሆነው የኖቤል ተሸላሚ ደራሲ ኦርሃን ፓሙክ ስለ ኢስታንቡል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ «ሁዙን» ስለሚሉት ስሜት ብዙ ይላል፤ ቃሉ ከእኛው «ሐዘን» ጋር አንድ ሥር ነው። እማዬ መጽሐፉን አታውቅም። ግን እዚያ ሳለን «እዚህ አገር ሰው ሲተክዝ ምን ሆንክ አይሉትም» ብላኛለች። እኛ ዘንድ ለአምስት ደቂቃ ዝም ያለች ሴት ወይ ታማለች ወይ ተጣልታለች።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። ዓመት ስለሞላት እዚሁ አዲስ አበባ ራጅ ተነሥታ ወንድሜ ለሐኪሙ በስልክ ልኮለት ነበር። መልሱ መጣ፦ ተገጣጣሚው በሚገባ ይዟል፣ ለምርመራ መምጣት አያስፈልጋትም። እህቴ እልል አለች። እኔም አልሁ። እማዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስከተላት ጀርባዋን ሰጥታኝ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ታብሳለች። «ትንሽ እንኳ አይልም? ሁለት ቀን እንኳ ና አይልም?» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ግማሽ በቁም ነገር ግማሽ በፈገግታ፣ «አፈወርቅ እንኳ ሞቶ ተመልሷል» አለችኝ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ኖሯል። ያን ማታ እራት በዝምታ ተበላ፤ አልቆየሁም፣ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በማግስቱ ከወንድሜ ጋር ስለ ቲኬት ተነጋገርን። በዛሬው ምንዛሪ ለሕክምና ሳይሆን ለሻይ መሄድ ምን እንደሆነ አስሉት። «ዕቁብ እንጣል» አልኩት። ስቆ ዝም አለ። እምቢ ግን አላለም።

ቅዳሜ ስመጣ እህቴ መርካቶ ውላ ስድስት ብርጭቆ ገዝታለች፤ ያቺኑ ወገበ ቀጭኗን፣ ከነሳህኗ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ሁለት ወንበር በረንዳ ላይ አውጥታ እማዬን አስቀመጠቻት። ልጆቹን «አያታችሁን ማንም እንዳይጠራ» ብላ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ሻዩን አቀረበችና አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ በመስኮት ነው የማያቸው። ብዙ ጊዜ አልተነጋገሩም። የሰኔ ሰማይ እንደምታውቁት ነው፤ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ጉለሌ ጨለማው ሊወርድ ጀመረ፣ እንጦጦ በጉም ተሸፈነ።

እማዬ እንደ ልማዷ የእጅ ሰዓቷን አየች።

«እዚያ ገና አልመሸም» አለች።

እህቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ልትቆጣ ነው ብዬ ነበር።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው ፀሐይ ያለው?» አለቻት።

«እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል» አለች እማዬ፤ ወንበሯንም ወደ እህቴ ዞር አደረገች።