ለሮጡትም ቤት ለቀሩትም



የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. የአድዋን ድል 129ኛ ዓመት ለማሰብ ቤይሩት ኮርኒሽ ላይ ከሮጡት 38 ሴቶች አንዷ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ መጀመሪያ በስብሰባችን ላይ ሲነሳ ከተቃወሙትም አንዷ ነበርኩ። «ሳምንቱን ሙሉ ስሮጥ ነው የምውለው፣ እሑድ ደግሞ ምን ያስሮጠኛል?» ብዬ ሁሉንም አስቄ ነበር። የፈራሁት ግን ድካሙን ብቻ አልነበረም። ቲሸርት ለብሰን፣ ባንዲራ ይዘን፣ ለቲክቶክ ተቀርጸን የምንበተን መስሎኝ ነበር። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ስጋቴ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም። የሚመጣው ዓመት እንዲደገም እፈልጋለሁ። ሲደገም እንዴት ይሁን በሚለው ላይ ደግሞ የምለው አለኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዐይን ምሬሴ ተገናኘን። ከዶራ በቫን የመጡ አሉ፣ ሌሊቱን እንግዳ ሲያስተናግዱ አድረው እንቅልፍ ሳይተኙ የመጡም አሉ። ዐቢይ ጾም ገብቷል፣ ለሙስሊም እህቶቻችን ደግሞ የረመዳን ሁለተኛ ቀን ነበር። ማንም ሳይናገር ክርስቲያኖቹም የውኃ ጠርሙሳቸውን ከቦርሳ ሳያወጡ ቀሩ። ባሕሩን ይዞ እስከ ራውሼ ሄዶ መመለስ ነው። ግማሾቻችን ሮጥን፣ ግማሾቻችን ተራመድን። በነጠላ ጫማ የመጣችም ነበረች።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሩጫው ሳይሆን ከሩጫው በፊት የሰማሁት ነው። አገር ቤት አስተማሪ የነበረች አንዲት ታላቅ እህታችን አጥሩ ጋ ሰብስባን አሥር ደቂቃ ያህል ስለ አድዋ ነገረችን። እኔ አሥረኛ ክፍል እስክጨርስ ስለ አድዋ የያዝኩት ስም ነበር፤ አፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱ፣ ራስ መኮንን፣ ራስ አሉላ፣ ፊታውራሪ ገበየሁ። ለፈተና ሸምድጄ አለፍኩ። እሷ ግን «ያ ሁሉ ሰው ለወራት ሲጓዝ ማን አበላው?» ብላ ጠየቀችን። እስኪ ማን ይመልሳል? ዝም አልን።

ስንቅ ያዘጋጁት፣ እህል የፈጩት፣ እንጨት የለቀሙት፣ ውኃ የቀዱት፣ ቁስለኛ ያነሱት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። መቀሌ ላይ ጣልያኖቹ እንዳ ኢየሱስ መሽገው አልነቀል ሲሉ፣ የሚጠጡበት ምንጭ እንዲያዝ ሐሳቡን ያመጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ጠላት በጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቀቀ። በ1888 የካቲት 23 በጦርነቱም ዕለት ሴቶቹ ውኃ ተሸክመው ለተዋጊው ያመላልሱ ነበር። ያም ቀን እንደ ዘንድሮው እሑድ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ። ከሞቱትም ሆነ ከተረፉት ውስጥ ውኃ የተሸከሙትን ሴቶች ስም የሚያውቅ የለም።

መብራት ጠፍቶ አሳንሰር ሲቆም ጋሎን ተሸክመን ስንትና ስንት ፎቅ የምንወጣ እኛ፣ የውኃን ክብደት ማንም እንዲያስረዳን አንፈልግም። ቤት የሚቆመው በምን እንደሆነ እናውቃለን። ለዚህ ነው የዚያን ቀን አድዋ የእኔም የሆነችው።

ግን አንሳሳት። ራሴን ከእነሱ ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም። እነሱ ጥይት በሚዘንብበት ገብተው ለአገር ነው የሞቱት፣ እኛ የመጣነው ለእንጀራ ነው። ደግሞም ሰው «እናንተም ጀግኖች ናችሁ፣ ዶላር ትልካላችሁ» ሲለን ደስ አይለኝም። ጀግና ተብለን ከተጨበጨበልን በኋላ የሰባት ወር ደሞዝ ሲቀርብን የሚጠይቅልን የለም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስማቸው ያልተጻፈውን ካሰብን፣ ዛሬም ስሟን ማንም የማይጠራትን አጠገባችን ያለችውን ማሰብ አለብን። አለበለዚያ ሩጫው እግር ማፍታቻ ብቻ ይሆናል።

«ለመታሰቢያ ሩጫ ምን ያደርጋል? ሻማ ማብራት አይበቃም?» ያሉም ነበሩ። በአገራችን ሩጫና መታሰቢያ የማይተዋወቁ ነገሮች አይደሉም። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በ1952 መጨረሻ ላይ ሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ፣ ጣልያን ከአክሱም ወስዳ እዚያ ያቆመችው ሐውልት አጠገብ አልፎ ነው የሮጠው። ሐውልቱ አገሩ የተመለሰው በ1997 ነው። ዛሬም የካቲት ሲደርስ ከአዲስ አበባ እስከ አድዋ በእግራቸው የሚጓዙ ወጣቶች አሉ። በእግር ማሰብ የእኛው ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ የተከራከርነው በእሱ ነውና። እያንዳንዳችን አምስት አምስት ዶላር አዋጣን። ለብዙዎቻችን ይህ የአንድ ቀን ደሞዝ ነው። ግማሹ «ቲሸርት እናሠራበት» አለ። ሌላው «አገር ቤት ለመታሰቢያ ይላክ» አለ። እኔ ሁለቱንም ተቃውሜያለሁ። አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ትልቅ የአድዋ መታሰቢያ በ2016 ተከፍቷል፣ የእኛን አምስት ዶላር አይጠብቅም። የሚጠብቀን ሌላ ሰው ነበር፤ መስኮት ስትወለውል ወድቃ ወገቧን የተጎዳች፣ አሠሪዋ ያሰናበታት፣ አሁን አንድ ክፍል ውስጥ ከአራት ልጆች ጋር ተኝታ አገሯ መግባት ብቻ የምትለምን እህታችን። በመጨረሻ ለእሷ ትኬት እንዲሆን ተስማማን። ከሮጥነው 190 ዶላር፣ መምጣት ካልቻሉ 11 እህቶች ደግሞ 55 ዶላር፣ በጠቅላላው 245 ዶላር ተሰበሰበ። ገና የሚጎድል አለ።

ስለ እነዚያ 11 እህቶች ትንሽ ልበል። ከእነሱ አንዷ እኔ ካለሁበት ሕንጻ አጠገብ ትሠራለች። ማዳሟ እሑድ አታስወጣትም። ገንዘቡን በቅርጫት ከበረንዳ አውርዳ ነው የሰጠችኝ። «ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ማታ ድምፅ ላከችልኝ። በዚያው ሰዓት የሕንጻውን ደረጃ አጠብኩ ብላ ስድስት ፎቅ ሦስት ጊዜ ወጥታ ወርዳለች። «እኔም ሮጫለሁ፣ ቁጠሩኝ» ነው ያለችው። አፄ ምኒልክ የክተት አዋጁን ሲያስነግሩ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው በሐዘኑ እንዲረዳቸው ነበር የጠየቁት። ሁሉም ሰው ሜዳ ላይ መገኘት እንደማይችል ያኔም የታወቀ ነበር። ስለዚህ እኛም 38 ነበርን አንበል። 49 ነበርን።

ያልመጣች ሌላም አለች። ከትግራይ የሆነች አንዲት እህታችን ስትጋበዝ «የእኔ ሐዘን የ129 ዓመት አይደለም» አለች። ወንድሟን በቅርቡ ጦርነት አጥታለች። እውነት ለመናገር ያን ቀን እስክትናገር ድረስ ለቅሶ እንኳ አልደረስናትም። አፈርኩ። ከየክልሉ የመጣን ነን፣ ከመካከላችንም ሐዘን ያልነካት ጥቂት ናት። አብረን ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ግን ማን የማንን ወንድም ገደለ እንዳንባባል በመፍራት እንሸሻለን። የቅድመ አያቶቻችንን ሞት አስበን የጎረቤታችንን ካለፍነው ምን አሰብን ይባላል? ከሩጫው በኋላ አምስት ሆነን ሄድንና ተቀመጥን። ብዙ አላወራንም። እሷም አላባረረችንም።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት የምለው ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ታሪኩ ሳይነገር ሩጫ አይጀመር። ተራ በተራ እንናገር፣ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ቲሸርት ይቅር። ያለን ልብስ ይበቃል፣ ብሩ ችግር ላይ ላለች ይሁን። ሒሳቡም በዚሁ ጋዜጣችን ይውጣ።

ሦስተኛ፣ መውጣት የማይችሉት ከመጀመሪያው ይመዝገቡ። የሥራ ውላችን ላይ በሳምንት 24 ሰዓት እረፍት ተጽፏል፣ ብዙዎቻችን ግን አናገኘውም። ቀኑ ከመድረሱ ሁለት ወር በፊት ጀምረን ማዳሞቹን በጨዋ ቋንቋ እንጠይቅ፤ ብቻዋን ለመጠየቅ የምትፈራ ካለች አረብኛ የሚችሉት የምትለውን ያስጠኗት። አንዲት እንኳ ብትጨመር ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛ፣ ከሩጫው በኋላ ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት ሐዘን ላይ ያለች እህት ቤት እንሂድ፣ ከየትም ትሁን።

የማትስማሙ ትኖራላችሁ። «ቲሸርቱ ያስደስተናል፣ ደስታም ያስፈልገናል» ያለችኝ አለች፣ እሱም ሐሰት አይደለም። በሚቀጥለው እትም ጻፉና እንከራከር። እስከዚያው የወገቧ ሕመም ላልተሻላት እህታችን ትኬት የጎደለውን ለመሙላት የምትችሉ ለገንዘብ ያዣችን ስጡ። በረንዳ ላይ ያላችሁ ደግሞ ቅርጫቱን አውርዱ፣ የምናልፍበትን ሰዓት ደውለን እንነግራችኋለን።

ለጾመኞች ሁሉ ጾማችሁን ይቀበልላችሁ።