ስለ ስፒከር መቆሚያ የነገርኳችሁ ግማሹን ብቻ ነበር

ዛሬ ፖለቲካ የለም።

ባለፈው «ስፒከራችሁን ከቡፌው ላይ አውርዳችሁ መቆሚያ ላይ አድርጉት» ብዬ ስጽፍ አንድ ወዳጄ ሰማኝና ሁለት ቀጫጭን መቆሚያ ከኢንተርኔት ገዛ። ድምፁን ወደደው፣ መረቀኝም። በሦስተኛው ሳምንት የ3 ዓመት ልጁ ሽቦውን ስትጎትት 6 ኪሎው ስፒከር ከነመቆሚያው ተገለበጠ። ከጭንቅላቷ አንድ ስንዝር ርቆ ወለሉን መታ። ልጅቷ ደህና ናት፣ ተመስገን። እኔ ግን ያን ሌሊት መሪ ይዤ ሳስበው አደርኩ። ከፍታውን ነግሬው ክብደቱን አልነገርኩትማ።

ስለ ከፍታው ያልኩት አሁንም ልክ ነው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ፣ ትዊተር የሚሏት (ያኛው ትዊተር አይደለም፣ ተረጋጉ)፣ ሶፋ ላይ ስትቀመጡ ከጆሯችሁ እኩል ትሁን። በብዙ ሶፋ ከወለሉ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በጣም ከራቀች ጥላሁን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። ቡፌ ላይ ሲሆን ደግሞ ስኒውም አብሮ ያጅባል።

የረሳሁትን የድሮ ሙያዬን አስታውሼ አሰላሁት። የወዳጄ መቆሚያ 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 3 ኪሎ ክብደት አለው፤ የእግሩ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስፒከሩ ሲጫንበት የክብደቱ ማዕከል ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ከ10 ዲግሪ ባነሰ ዘንበል ካለ አለቀለት፣ አይመለስም። ከሥሩ 30 በ30፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የግቢ ኮንክሪት ንጣፍ በብሎን ብታስሩበት ግን ንጣፉ ብቻ 10 ኪሎ ይመዝናል። ማዕከሉ ወደ 32 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ለመገልበጥም 25 ዲግሪ ገደማ መዘንበል አለበት። ንጣፉ ከግንባታ ዕቃ መደብር በጥቂት ብር፣ ይቅርታ፣ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ዝም ብሎ ከላይ ማስቀመጥ ግን ምንም አይጠቅምም፤ መታሰር አለበት።

ባለቤቴ «ኮንክሪት ሳሎኔ አይገባም» ብላ ነበር። ጥቁር ቀለም ቀባሁት፣ ሥሩን ጎማ ለጠፍኩበት። ጎማው ለወለሉም ለታች ጎረቤትም ነው። ሹል ብረት እግር የሚያደንቁ ሰዎች ፎቅ ቤት ኖረው የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ልጅ ካለ ቡፌው ላይ ይቆይ» የምትሉም አላችሁ። ሽቦው እየተንጠለጠለ? ከዚያም ይወርዳል እኮ! ሽቦውን በመቆሚያው ቱቦ ውስጥ ወይም ከኋላው አስራችሁ አውርዱት። ስፒከሩን ከላይኛው ጠፍጣፋ ጋር፣ መቆሚያውን ደግሞ ከግድግዳው ጋር በማሰሪያ ያዙት። 25 ዲግሪ ልጅ ሲንጠለጠልበት አይበቃም።

የእኔ አቋም ይኸው ነው፦ የቀላል መቆሚያ ውበት ልጅ ላለበት ቤት አይሆንም፣ የውድ መቆሚያ ዋጋም የሚገዛላችሁ ክብደትና ሰፊ እግር ካልሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ቱቦው ክፍት ከሆነ ደረቅ አሸዋ ሙሉበት፤ ብረቱ መጮኹን ይተዋል፣ ክብደትም ይጨምራል። እርጥብ አሸዋ ግን ያዝገዋል።

የወዳጄን ሁለቱን ቅዳሜ ከሰዓት እናስራቸዋለን። የእናንተንም እንዳሰላላችሁ ከፈለጋችሁ የስፒከሩን ኪሎ፣ የመቆሚያውን ቁመትና የእግሩን ስፋት በውስጥ መስመር ላኩልኝ።