የወይን ዝርያ ምርጫና የቡሌ ገበሬ

«የትኛው የወይን ዝርያ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚስማማ አንድ መልስ የለም። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ወይኑ ለምን ጥቅም እንደሚፈለግና በምን ዓይነት አየር እንደሚተከል ነው። ይህ ሳይታወቅ የቡሌ ገበሬ ለወይን ሲል አንድ የእንሰት እግር እንኳ መንቀል የለበትም እንላለን።

ለጠጅ የሚሆነው ወይን ፍሬው ትንንሽ፣ ቆዳው ወፈር ያለ፣ ጣዕሙ የበረታ ነው። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ከዚህ ወገን ናቸው። ለመብል የሚመረጠው ፍሬው ትልቅ፣ ቆዳው ስስ፣ ገበያ እስኪደርስ የማይፈርጥ ነው። ለዘቢብ ደግሞ ዘር አልባው ቶምሰን ሲድለስ የታወቀ ነው፤ ለመብልም ይሆናል። ዘቢብ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ጭምር ስለሚፈለግ ገበያ አያጣም። ነገር ግን 1 ኪሎ ዘቢብ ለማግኘት 4 ኪሎ ያህል እሸት ወይን ያስፈልጋል። በፀሐይ ለማድረቅም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ዝናብ የሌለበት ጊዜ ይጠይቃል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ወይን ብዙ ፀሐይና ደረቅ አየር ይወዳል። ዝናብና ጉም ሲበዛ ቅጠሉንና ዘለላውን ሻጋታ ይመታዋል፤ ብርድ ሲበረታም ፍሬው ሳይጣፍጥ ይቀራል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ያቀረበው ጠጅ የተጠመቀው በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ከለማ ወይን ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ሆኖ ዝናቡ አነስተኛ ነው፤ ውሃውን በመስኖ መጥኖ ማጠጣት ይቻላል። «ወይና ደጋ» የሚለው ስም ራሱ ወይንን የሚጠራው ለመካከለኛው ከፍታ ነው። ቡሌ ግን ደጋ ነው፤ ጌዴኦም በበልግና በመኸር ዝናብ ያገኛል። ወደ ዲላ ዝቅ ሲባል ሙቀቱ ይሻላል፤ የዝናቡ ችግር ግን እዚያም አለ።

ስለዚህ በቡሌ ለጠጅም ሆነ ለዘቢብ ብሎ ማሳ መያዝ አይመከርም። ለመሞከር የሚፈልግ ለመብል የሚሆን አንድ ወይም ሁለት እግር ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር፣ ዝናብ በማያገኘው የጣሪያ ክፈፍ ጥግ ይትከል። የሚተከለውም ስሙ ከታወቀ ዝርያ የተቆረጠ ቁራጭ ይሁን፤ ከዘር የበቀለ ወይን እናቱን አይመስልም። በየዓመቱ ይገረዝ። ፍሬ ለማየት 3 ዓመት ያህል ስለሚወስድ ውጤቱ ሳይታይ አይስፋፋ።

የልማት ሠራተኞችም ችግኝ ከማደላቸው በፊት ይህን ለገበሬው ሊነግሩት ይገባል። የደጋ ፍሬ ለሚሻ፣ ጨንቻ የታወቀችበት ፖም ከወይን ይልቅ ብርዱን ይለምዳል። ያልያዘ ወይን ቢነቀል የሚጠፋው ጥቂት ድካም ነው፤ በቦታው የነበረው እንሰት ግን በአንድ ክረምት አይተካም፤ የቤተሰብ ቀለብ ነውና።