የባሩዱ ልክ

ማሽላ በሚያሸትበት ወራት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው አጣዬን አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ሲዘልቅ በየማሳው መካከል በእንጨት የቆሙ ማማዎችን ያያል። በማማዎቹ ላይ ወንጭፍ የጨበጡ ልጆች ቆመው ወፍ ይጠብቃሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጨፋ ሮቢት አጠገብ የመኪናችን ጎማ ተንፍሶ በቆምንበት ሰዓት ከእነዚህ ልጆች አንዱን ለማነጋገር ዕድል አግኝተን ነበር። ልጁ ከማማው ሥር ደንጊያ ከምሯል፤ ክምሩ ግን ሁለት ነው። ለምን እንደ ለያያቸው ብንጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እነዚያ አይሆኑም። ትልልቁ ሳይደርስ ይወድቃል፤ ትንንሹ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም» አለን። በምን ዐወቅህ ስንለው የሞኝ ጥያቄ መስሎት ሳቀ። «ወርውሬ ነዋ!»

ይህ ልጅ በወንጭፍና በደንጊያ የመለሰው ጥያቄ በአፈሙዝ በሚጎርስ ነፍጥ ዘመን የነበረ ተኳሽ ሁሉ ይጠይቀው የነበረ ነው። የነፍጥ ውስጡ ልሙጥ ነው። በኋላ ዘመን ጠመንጃዎች ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ስለሌለው አረሩን በሥርዐት አያሾረውም። ጥይቱም ተሰናድቶ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። ባለቤቱ ባሩዱን ሰፍሮ ያፈስሳል፣ አረሩን በጨርቅ ጠቅልሎ በዘንግ እስከ ባሩዱ ድረስ ይጠቀጥቃል። እንግዲህ የባሩዱን መጠን፣ የአረሩን ስፋትና የጨርቁን ውፍረት የሚወስነው ራሱ ነው። ስንት ባሩድ ይበቃል?

ብዙ ሰው ሳያስብ የሚሰጠው መልስ «በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚል ነው። የዚህን መልስ ዋጋ አገራችን አንድ ጊዜ ከፍላዋለች።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ 70 ኩንታል ገደማ እንደሚመዝን፣ ገደልና ወንዝ አቋርጦ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ እንደ ደረሰ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት በአሮጌ በተደረገው ውጊያ የሆነውን ግን በፊዚክስ ክፍል ውስጥ የሚያነሣው የለም። የንጉሠ ነገሥቱ መድፎች ከፋላ ኮረብታ ላይ ሆነው ሲተኩሱ ከትልልቆቹ አንዱ ገና በመጀመሪያው ፈነዳ። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ምክንያቱን ሲናገሩ ባሩድ ከልክ በላይ ጎርሶ ነበር ይላሉ። የቀሩትም መድፎች አረራቸው ዒላማውን ሳያገኝ ቀረ። ታሪክ ጸሓፊዎቻችን በዚህ ቦታ ስለ ጀግንነትና ስለ ዕጣ ፈንታ ይጽፋሉ፤ አያስወቅሳቸውም፣ ሥራቸው ነው። የፊዚክስ መምህር ግን መድፉ ለምን ፈነዳ ብሎ መጠየቅ ነበረበት። እኛ ይህን ሳንጠይቅ ብዙ ዓመት አስተምረናል።

ነገሩ ይህ ነው። ባሩድ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ አረሩን ወደ ፊት ብቻ አይገፋም፤ የመድፉን ግድግዳም ወደ ጎን በዚያው ግፊት ይገፋዋል። ግፊቱ ባደገ መጠን ባሩዱ ራሱ ይበልጥ እየፈጠነ ይነዳል። ስለዚህ ባሩዱን እጥፍ ማድረግ ግፊቱን ከእጥፍ በላይ ሊያሳድገው ይችላል። አረሩ በከበደና ከግድግዳው ጋር በተጣበቀ ጊዜ ጋዙ ማምለጫ አጥቶ ግፊቱ ይብሳል። አረሩ በሚገባ ሳይጠቀጠቅ ከባሩዱ ርቆ ከቆመም ያው የመፈንዳት አደጋ አለ። በተቃራኒው አረሩ እጅግ ከጠበበ ጋዙ በጎኑ እየሾለከ ይባክናል፤ አረሩም ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይወጣና በመጨረሻ በነካበት ወገን ይሽከረከራል። በዚህ ላይ የጥቁር ባሩድ ጠባይ አለ፤ ከነደደ በኋላ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ ሳይሆን ጢስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። አምስተኛው ተኩስ የሚተኮሰው የመጀመሪያው በተተኮሰበት ንጹሕ ብረት ውስጥ አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄውን በመጀመሪያ በልኬት የመለሰው እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ ነው። በጎንደር ዳግማዊ ኢያሱ በነገሡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1742፣ ባሳተመው መጽሐፍ አረርን በተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ላይ ተኩሶ እንጨቱ ምን ያህል እንደ ተወዛወዘ በመለካት ፍጥነቱን አሰላ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ለፈተና የሚሸመድዱት የባሊስቲክ ፔንዱለም ይኸው ነው፤ ለምን እንደ ተሠራ ግን አንነግራቸውም። የሮቢንስ ውጤት የዘመኑን ሊቃውንት አስደነገጠ። በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ የሚበር የእርሳስ ድቡልቡል የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ ከራሱ ክብደት ከመቶ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ቀደም ሲል አየሩ ከቁጥር የማይገባ ይመስላቸው ነበር። የሚሽከረከር አረር ከመንገዱ ወደ ጎን እንደሚታጠፍም አሳየ። ታላቁ ኦይለር መጽሐፉን ወደ ጀርመንኛ የተረጐመው በከንቱ አይደለም።

ይህን ይዘን አንድ ግምታዊ ስሌት እንሥራ። ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር የሆነ የእርሳስ አረር 29 ግራም ያህል ይመዝናል። አንዱ በሰከንድ 400፣ ሌላው 500 ሜትር ፍጥነት ይዘው ከአፈሙዝ ይውጡ። የሁለተኛው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከመጀመሪያው በ56 ከመቶ ይበልጣል፤ ባሩዱም ቢያንስ በዚያው ልክ መጨመር አለበት። በጨፋ ሜዳ አየር 100 ሜትር ከተጓዙ በኋላ ግን የፈጣኑ ፍጥነት ወደ 350፣ የዘገምተኛው ወደ 290 ሜትር ይወርዳል። የ100 ሜትሩ ልዩነት ወደ 60 ገደማ ተኮማተረ። አየር ፈጣኑን ይበልጥ ይቀጣዋልና ነው። በትከሻ ላይ የሚያርፈው ምትና ብረቱ የሚሸከመው ግፊት ግን በአየር አይቀነስም። ስሌቱን በመቅደላ ከፍታ፣ ከ2700 ሜትር በላይ፣ ብንደግመው አየሩ ስለሚሳሳ ቁጥሩ ይለወጣል። በቆላ የተስማማ ልክ በአምባ ላይ እንደ ገና መፈተን ይኖርበታል።

ስለዚህ የነፍጥ ደኅና ልክ ትልቁ ልክ አይደለም፤ አረሮቹ ተቀራርበው የሚያርፉበት ነው። ያም በአንድ ተኩስ አይታወቅም። ባሩዱን ሳይለውጡ አምስት ጊዜ መተኮስ፣ መበታተኑን መለካት፣ ከዚያ ባሩዱን ብቻ በጥቂቱ ለውጦ እንደ ገና አምስት ጊዜ መተኮስ ይጠይቃል። ጨርቁንና ባሩዱን አብሮ የለወጠ ሰው ውጤቱ ቢያምርለትም ከየትኛው እንደ መጣ አያውቅም። ይህን ሁሉ በጸጥታው ቀን ያልሠራ ሰው በውጊያው ቀን አይደርስበትም። በአሮጌ የጠፋው ድፍረት ሳይሆን ይህን ለማድረግ የሚያስችል ጊዜ ይመስለናል። (አንባቢ ነፍጥ ፍለጋ እንዳይነሣ አደራ፤ የምንናገረው ስለ አሠራሩ ነው። አሮጌ ብረት ለሙከራ አይታመንም።)

አሁን ወደ ቅሬታችን እንምጣ። በቤተ ሙከራዎቻችን ይህ አሠራር የለም። ተማሪው የሚሠራው ሙከራ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የመሬት ስበት 9.8 ካልወጣለት ወረቀቱን አስተካክሎ 9.8 ያስወጣዋል። ሌላውን ብቻ እንዳንወቅስ፣ እኛም በተማሪነታችን ይህንኑ አድርገናል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሠንጠረዡን ከመጨረሻው ጀምረን ወደ ላይ ሞልተናል፤ ጥሩ ውጤትም ተሰጥቶናል። ለዶክትሬት ወደ ውጭ አገር በሄድን ጊዜ የመጀመሪያውን ግኝታችንን በኩራት ስናቀርብ የተጠየቅነው «ስንት ጊዜ ደገማችሁት?» የሚል ብቻ ነበር። መልስ አልነበረንም። የጨፋ ሮቢቱ ልጅ ግን መልስ ነበረው።

መሣሪያ የለም የሚለው ምክንያት እውነት አለው፤ ለዚህ ግን አይሠራም። አንድ የብረት ስፕሪንግ፣ አንድ ቱቦ፣ ክብደታቸው የተለያየ ጥቂት ድቡልቡሎች፣ አሸዋ የተነጠፈበት ሳጥንና የልብስ ሰፊ ሜትር በየትኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገኛሉ። ተማሪው የሚጠየቀው «ፍጥነቱ ስንት ነው?» ሳይሆን «ስፕሪንጉን ምን ያህል ብትጨምቀው፣ የትኛውን ድቡልቡል ብታጎርሰው ባሰብከው ቦታ ደጋግሞ ያርፋል?» ተብሎ ይሁን። ለዚህ ጥያቄ ከመጽሐፍ ጀርባ መልስ አይገኝም፤ ከጓደኛም አይገለበጥም፤ የጓደኛ ቱቦ ሌላ ነውና።

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ይህን በአንድ ክፍል ሞክረነው ነበር። ብዙዎቹ ተማሪዎች መጀመሪያ ስፕሪንጉን እስከ መጨረሻው ጨመቁት፤ ድቡልቡሉም ሳጥኑን አልፎ ከግድግዳ ጋር ተላተመ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ተማሪ ሃያ ነጥቦች የተመዘገቡበት ወረቀት ይዛ ወደ ቢሮአችን መጣች። ዐሥራ ዘጠኙ ተቀራርበዋል፤ አንዱ ብቻ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ወድቋል። «መምህር፣ ይህን አንዱን ልሰርዘው?» አለችን። እንዳትሰርዘው፣ ያን ጊዜ ምን እንደ ተለየ እንድታስታውስ ነገርናት። ጥቂት አሰበችና ድቡልቡሉ በአሸዋው ርሶ እንደ ነበር፣ ሳትጠርገውም እንዳጎረሰችው ነገረችን። ከዚያም ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሳ ሆን ብላ እያረጠበች ሃያ ጊዜ ተኮሰች።